ማተቤ አንገቴ ላይ፣ የጓደኛዬ ክር መሳቢያ ውስጥ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፤

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ለዓመታት ኖሬ ባለፈው ዓመት ወደ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። እዚያ የምሠራው አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ቤት ነበር። እሳቸውን የምናስታምመው እኔና አንዲት የስሪላንካ ሴት ነበርን። እሷ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። የምንግባባው ሁለታችንም ከኩሽና በለቃቀምነው አረብኛ ነው። እኔ ሁዳዴ ስጾም አሮጊቷ «ሐኪም ከልክሎዎታል» ቢባሉም በግድ ረመዳን ይጾሙ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነጭ ለብሳ ከቀትር በኋላ እህል አትቀምስም። ምግብ ሠርተን የሚበላ የጠፋበት ቀን እንደነበር ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል።

አንድ ጊዜ ታይፎይድ ጣለኝ። አሠሪዎቼ ክኒን ገዝተው ሰጡኝና ሄዱ። ነፍሴን ያተረፈችው እሷ ናት። ከፍራሼ አጠገብ መሬት ላይ እየተኛች፣ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰችኝ፣ የእኔንም ሥራ ደርባ እየሠራች አዳነችኝ። አሮጊቷም አልጋቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። ወደ አገሬ ልመጣ ስል ጓደኛዬ እናቷ ከአገሯ የላከችላትን፣ መነኮሳት ጸሎት ያደረሱበትን ነጭ የጥጥ ክር ከእጇ ፈትታ አሰረችልኝ። ማታ ማታ ዝም ብሎ ተቀምጦ በልብ ደኅንነትን መመኘትም አስተምራኛለች፤ መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለሚወዱት፣ ከዚያ ለማያውቁት፣ በመጨረሻ ለበደለ ሰው።

ጠቡ የተነሣው ቡና ላይ ነው። እናቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ቡና የምትጠጣው ከአንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ነው። እናቴ ስለ ክሩ ስትጠይቀኝ ታሪኩን ጀመርኩና «ለነገሩ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው» አልኩ። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ማተብሽን በጥሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። ጎረቤታችን ያግዙኛል ብዬ ዞር ብል እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «ልጄ፣ የእኔ የእኔ ነው፣ የእናትሽም የእናትሽ። አንድ ነው አይባልም» አሉ። ሁለቱም በአንድነት በእኔ ላይ ሆኑ!

ክሩን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። መጣል ግን አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ ዲያቆን ነው፤ «ጣዖት ነው፣ ጠበል ግቢ» ይለኛል። ንስሐ ገብቼ ለመቁረብ አስቤ ነበር፣ አሁን ፈራሁ። እናቴ እንደ ድሮው አታወራኝም። ያዳነችኝን ሴት ገሃነም ትገባለች ብዬ እንዴት ልመን? ካላመንኩስ ሃይማኖቴን ክጃለሁ ማለት ነው?

ክሩን የደበቅኩት፣ ከደብረ ማርቆስ

—

እኅቴ፣

እንኳን በደኅና ገባሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን ያለሽ ሰው ስላላየሁ ከዚያ ልጀምር። ከታመሙ አሮጊት አልጋ ሥር ዓመታት አሳልፈሽ፣ ራስሽም ልትሞቺ ደርሰሽ ተርፈሽ ነው የመጣሽው። እናትሽ ይህን ሁሉ ያውቃሉ? ስለ ታይፎይዱ ከዚያ ቡና በፊት ነግረሻቸው ነበር? ወይስ ብዙዎቹ ተመላሽ እኅቶቻችን እንደሚያደርጉት «ደኅና ነበርኩ» ብለሽ አለፍሽው? ይህን የምጠይቅሽ እናትሽ በዚያ ቀን የሰሙት የልጃቸውን መዳን ላይሆን ይችላል ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው። የሰሙት መደምደሚያውን ብቻ ይመስለኛል።

መደምደሚያው ላይ ደግሞ፣ ቅር አይበልሽና፣ እኔም ከሁለቱ እናቶች ጋር ነኝ። ሃይማኖቶቹ አንድ አይደሉም። ጓደኛሽ በምታምነው መንገድ ዓለምን የፈጠረ አምላክ የለም፤ ሰው ከምኞት እስራት ተላቅቆ ከመወለድና ከመሞት ዙር የሚወጣው በራሱ ማስተዋልና ልምምድ ነው። አሮጊቷ ለአንድ አላህ ይሰግዳሉ፤ ኢየሱስን እንደ ታላቅ ነቢይ ያከብሩታል፣ ወልደ እግዚአብሔር ነው ማለትን ግን አይቀበሉም። አንቺ አንገትሽ ላይ ማተብ ያሰርሽው ሥጋ ለብሶ በተሰቀለውና በተነሣው አምላክ ስም ነው። ይህን ልዩነት ስሙ ብቻ ነው ማለት ሦስቱንም ሴቶች አለመስማት ነው። አንዷም ብትሆን ከእምነቷ ቀንሳ አልሰጠችሽም። ነጭ የለበሰችው፣ ዱዓ ያደረጉት፣ አንቺም ሁዳዴን የጾምሽው እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አጥብቃችሁ ስለያዛችሁ ነው።

አሁን ጎረቤታችሁ የተናገሩትን መልሰሽ አስቢው። እናትሽና እሳቸው ስንት ፋሲካና ስንት ኢድ አብረው አሳለፉ? አንዳቸው የሌላቸውን ሥጋ አይበሉም። በዓል ሲመጣ ግን ለሌላዋ የሚሆን የጾም ወጥ በሌላ ድስት ይሠራል፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት በር ይንኳኳል፣ ለቅሶ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በመካከላቸው «አንድ ነን» የሚል ቃል አስፈልጓቸው አያውቅም። አንቺ ቤይሩት ያገኘሽውን ነገር እናትሽ ከቤታቸው ሳይወጡ ሲኖሩት ኖረዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር ልታስተምሪያቸው አትሞክሪ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር በሩቅ አገር እንዳጋጠመሽ ብትነግሪያቸው ይበልጥ የሚገባቸው ይመስለኛል።

(የነጃሺንና የስደተኞቹን ታሪክ እዚህ ትጠብቂ ይሆናል። በየስብሰባው ስለሚነገር እኔ አልደግመውም።)

በምትኩ አንድ ነገር እንድትሞክሪ ልጠይቅሽ። ቡናው ሲቀጥል፣ መቀጠሉ አይቀርም፣ እናትሽን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንዲነግሩሽ ለምኛቸው። ከልጅነትሽ ጀምሮ በየዓመቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ላይ ስትሰሚው አድገሻል፣ ግን ከእሳቸው አፍ ይውጣ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው፣ መንገድ ላይ በውኃ ጥም የሚቃጠል ምስኪን በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በፍርድ ቀን ያ ጥርኝ ውኃ ከነፍሳቱ ሁሉ በለጠ። እናትሽ ሲጨርሱ ጎረቤታችሁን «እናንተስ ዘንድ እንዲህ ያለ አለ?» በያቸው። በእርግጠኝነት አለ። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት ከነቢዩ ሙሐመድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በዝሙት የምትኖር አንዲት ሴት ከጉድጓድ አፍ ላይ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ውሻ ታያለች። ጫማዋን አውልቃ በራስ መሸፈኛዋ አስራ ውኃ ቀድታ ታጠጣዋለች። በዚያ ምክንያት ኃጢአቷ ተማረላት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሁለቱ ታሪኮች ሲቀራረቡ አያስገርሙም? በዳይ አለ፣ ጥማት አለ፣ እፍኝ የማትሞላ ውኃ አለች፣ ከሚዛን ያለፈ ምሕረት አለ። ግን አንድ ታሪክ አይደሉም። በእናትሽ ታሪክ ውስጥ ውኃው የተሰጠው በእመቤታችን ስም ነው፤ ሚዛኑን ያጋደለው ቃል ኪዳኗ ነው። ያንን ብታወጪው ታሪኩ ይፈርሳል። በጎረቤታችሁ ታሪክ አማላጅ የለም፤ ምሕረቱ ከአላህ ብቻ ነው፣ የሰጪዋም ርኅራኄ ለውሻ ነው፤ ያንንም ብትለውጪው ይፈርሳል። ሁለቱ ሴቶች ይህን ልዩነት ወዲያው ያዩታል፣ አንቺም እይው። ሆኖም እያንዳንዳቸው በሌላዋ ታሪክ መካከል ከንፈራቸውን እንደሚመጥጡ እወራረዳለሁ።

የጓደኛሽም ሰዎች የውኃ ታሪክ አላቸው። የቡድሃ ደቀ መዝሙር አናንዳ በመንገድ ደክሞ ከጉድጓድ የምትቀዳ ልጅ ውኃ ይለምናል። ልጅቷ ከተናቀ ዘር በመሆኗ «እኔ ለአንተ ውኃ ልሰጥ አይገባኝም» ትለዋለች፤ እሱም ውኃ እንጂ ዘርሽን አልጠየቅኩሽም ይላታል። ወንድምሽ ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ትዝ ሳይለው አይቀርም። ያዕቆብ ጉድጓድ ዳር ጌታችን ሳምራዊቷን ውኃ ሲለምናት፣ አይሁዳዊ ሆነህ እንዴት ትለምነኛለህ ብላዋለች።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ክጃለሁ ወይ? ያንኑ ምዕራፍ ዝቅ ብለሽ አንብቢው። ጌታ ለሳምራዊቷ «እናንተ ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ፤ እኛ ለምናውቀው እንሰግዳለን» ይላታል። ልዩነቱን አልሸሸገላትም። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ደግሞ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ቁስሉን አስሮ፣ በአህያው ጭኖ፣ በእንግዳ ማረፊያ ያስታመመውን ሳምራዊ «ሂድና አንተም እንዲሁ አድርግ» ብሎ ምሳሌ አድርጎ አቆመው። ካህኑና ሌዋዊው አይተው አልፈው ነበር። ሁለቱንም የተናገረው አንድ አፍ ነው። አንቺ ከአንዱ ብቻ እንድትመርጪ ማን አስገደደሽ? በታይፎይድ ወድቀሽ ሳለ ከአጠገብሽ መሬት ላይ የተኛችው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። የእሷን ነፍስ መጨረሻ መፍረድ ግን የአንቺም የወንድምሽም ሥራ አይደለም። «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ማለት ክህደት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ የነፍስ አባት አይደለሁም፤ ይህን ጥያቄ ግን በዚሁ አነጋገር ለነፍስ አባትሽ ልታቀርቢው ትችያለሽ።

ለወንድምሽ አንድ ነገር አለኝ። ጎጃም ውስጥ ከቅኔ ጉባኤ ቤት አጠገብ ያደገ ዲያቆን መጽሐፍ አይፈራም ብዬ አምናለሁ። የበረላምና የይዋሴፍን መጽሐፍ ይፈልግ፤ በግእዝ አለ። ንጉሥ አባቱ ሞትንና በሽታን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የዘጋበት የሕንድ ልዑል፣ አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ሰው ሟች መሆኑን ይረዳል፤ በረላም የሚባል መናኝ የከበረ ዕንቁ እንደሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ሲመረምሩት የታሪኩ አጥንት ከቡድሃ ሕይወት የመጣ መሆኑ ታወቀ። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ አልፎ በሙስሊሞች ዘንድ በአረብኛ ተነበበ፣ ጆርጂያኖችና ግሪኮች ክርስቲያናዊ አደረጉት። ወደ እኛ ያመጡት ደግሞ አባ ዕንባቆም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከአረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። እሳቸው ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑ ሰው ናቸው።

ወንድምሽ ከዚህ ታሪክ ምን እንደሚወስድ እሱ ያውቃል። እኔ የምወስደው አባ ዕንባቆም እምነታቸው አለመላላቱን ነው፤ እንዲያውም ለግራኝ አሕመድ ስለ ክርስትና ተሟግተው የጻፉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ጥብቅ አማኝ በሩቅ አገር የተወለደ መልካም ታሪክ በእጁ ሲገባ አልጣለውም። ወደ ቤቱ አስገባው፣ በቤቱም ሥርዓት አኖረው።

የማታ ማታ ዝምታሽንም በዚሁ ዓይን እይው። ጓደኛሽ ያስተማረችሽ ቡድሂስቶች ለሕያዋን ሁሉ የሚያደርጉት የበጎ ፈቃድ ልምምድ ነው። እናት አንድ ልጇን በነፍሷ እንደምትጠብቅ ለፍጥረት ሁሉ ወሰን የሌለው ልብ ይኑርህ የሚል ትምህርት አላቸው። ይህ ለእኛ ቤት ባዕድ ነው? ገዳማቱ ውስጥ የሚተረጎመውን ማር ይስሐቅን ጠይቂ። ርኅሩኅ ልብ ማለት ለሰው፣ ለአዕዋፍ፣ ለእንስሳት፣ ለአጋንንትም ሳይቀር የሚቃጠል ልብ ነው ይላል ይህ የ7ኛው ክፍለ ዘመን አባት። (የተወለደው ዛሬ ኳታር በምንለው አካባቢ ነው፤ ዓረብ አገር የኖራችሁ ሁሉ ይህን ብታውቁ ደስ ይለኛል።) ልዩነቱ፣ የጓደኛሽ መመኘት ነው፣ የአንቺ ደግሞ ጸሎት ይሆናል፤ የምትናገሪው ለሚሰማ አምላክ ነውና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዢ፣ ለራስሽ፣ ለእናትሽ፣ ለማታውቂው፣ ለበደሉሽ፤ ግን በአቡነ ዘበሰማያት ጀምረሽ በእግዚኦ መሐረነ ዝጊው። ለበደሉሽ ስትደርሺ ክኒን ገዝተው ሰጥተውሽ የሄዱትን ሰዎች ለመጥራት ምን ያህል ይከብድሽ ይሆን? እሱን ለራስሽ መልሺው።

አሁን ክሩ። በቅንነት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መሳቢያውን ከፍተሽ ስታይው በልብሽ ቀድሞ የሚመጣው ምንድን ነው? የጓደኛሽ ፊት ነው ወይስ «ካልያዝኩት ክፉ ያገኘኛል» የሚል ስጋት? ሁለተኛው ከሆነ ወንድምሽ አነጋገሩ ቢሻክርም ፍሬ ነገሩ ላይ እውነት አለው፤ ጥበቃን ከክር መፈለግ በእምነትሽ ቦታ የለውም፣ ለነፍስ አባትሽ ተናዘዢው። የመጀመሪያው ከሆነ ክሩ የወዳጅ ስጦታ ነው። እናቷ ለእሷ የላከችላትን አውልቃ ነው የሰጠችሽ፤ ይህን እናትሽ ከማንም በላይ ይረዱታል። እኔ አልጥለውም ነበር። በእናትሽ ቤት እያለሽ እጅ ላይ ማሰሩንም አልመክርሽም፤ ማተብ ላሰረ ሰው ሁለተኛ ክር የሚናገረው ነገር አለ፣ አንቺ ያላሰብሽውን እንኳ ቢሆን። መደበቁ ግን መቆም አለበት። የተደበቀ ነገር በእናትሽ ሐሳብ ውስጥ በየቀኑ ይከብዳል። ከቤይሩት ካመጣሻቸው ፎቶግራፎች ጋር በአንድ ፖስታ አድርጊውና የት እንዳለ ያውቁት።

ከእናትሽ ጋር የምትነጋገሪበትን ጊዜ ምረጪ። ወንድምሽ በሌለበት፣ ጎረቤትም ሳይመጣ፣ ምናልባት እሳቸው እንጀራ ሲጋግሩ ወይም አብራችሁ ሽሮ ስትለቅሙ ይሁን፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚወራ ወሬ ይቀላል። ስለ ሃይማኖት አትጀምሪ። «እማዬ፣ ልሞት ነበር» ብለሽ ጀምሪ። ስለ ሩዙ አጥሚት፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ መሬቱ ንገሪያቸው። አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ስምሽን እንዴት እንደጠሩት ንገሪያቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ተስለሽልኝ ነበር? ጎጃም ውስጥ ልጇን ዓረብ አገር ልካ ሳትሳል የቀረች እናት አላውቅም። ለየትኛው ታቦት እንደተሳሉ፣ ስለቱ ገብቶ እንደሆነ፣ ያልገባ ከሆነ አብራችሁ ልታስገቡ እንደምትችሉ ጠይቂ። «ማተብሽን በጥሰሽ መጣሽ?» ያሉት ለዓመታት በዚያ ስጋት ስለኖሩ ይመስለኛል። «አልበጠስኩም፤ እይው» ማለት ትችያለሽ። አንገትሽ ላይ ነው።

«አንድ ነው ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ ያዳነችኝን ሰው ግን አልክድም» ብትያቸው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ሊቀበሉት ይችላሉ። ወዲያው ካልተቀበሉ አትጨቃጨቂ። ዝም ብለው ሊጡን ቢያፈሱም ሰምተዋል።

ቁርባኑን በተመለከተ ተስፋ አትቁረጪ፣ አታራዝሚውም። ወደ ነፍስ አባትሽ ስትሄጂ ወንድምሽ ካለው ሳይሆን አንቺ ካየሽው ጀምሪ። ቀኖና ቢሰጡሽ ተቀበዪው፤ ጠበል ግቢ ካሉሽም ግቢ፣ ከዓመታት ድካም በኋላ ሰውነትሽም ይፈልገዋል። የተናገሩሽ ነገር በልብሽ ካልተቀመጠ ግን ሌላ አባት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ የተማሩ አባቶች በአካባቢሽ አሉ።

ከጓደኛሽ ጋር ትደዋወላላችሁ? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ እኔም በዚህ ቅር ብሎኛል። በግንቦት አካባቢ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ቬሳክ የሚሉት በዓል አላቸው፤ የቡድሃን መወለድ፣ ወደ ፍጹም ማስተዋል መድረስና ማለፍ በአንድ ቀን ያስባሉ፣ ስሪላንካ ውስጥ በየመንገዱ ፋኖስ ይሰቀላል። ያን ቀን ደውለሽ «እንኳን አደረሰሽ» በያት። እናትሽ አጠገብሽ ካሉ ስልኩን ስጪያቸው። አረብኛም ሲንሃልኛም አያውቁም፣ ግን አመሰግናለሁ ለማለት የሚፈልጉ ከሆነ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። የማይፈልጉ ከሆነም ብቻሽን ደውዪላት፣ አሮጊቷ በሕይወት እንዳሉም ጠይቂያት።